ከመሣሪያው ወደ መረጃው፦ የዲጂታል ግብር ሥርዓትና የንግዱ ኅብረተሰብ መላመድ

መንግሥት ለመንገድ፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለትምህርት ቤትና ለሠራተኛ ደመወዝ የሚያወጣው ገንዘብ ዋነኛ ምንጭ ከግብርና ከታክስ የሚሰበሰብ ገቢ መሆኑ ይታወቃል። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ የሚሰበሰበው ታክስ ከአገሪቱ አጠቃላይ ምርት ጋር ሲነጻጸር በቅርብ ዓመታት ከ10 በመቶ በታች ሆኖ ቆይቷል። ኢኮኖሚው ባደገበት ልክ ገቢው ያላደገበት ምክንያት ብዙ ቢሆንም፣ ከዋነኞቹ አንዱ ከፍተኛ መጠን ያለው ግብይት ያለ ደረሰኝ የሚካሄድ መሆኑ ነው። ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ሽያጭ በመዝገብ አይገኝም፤ በመዝገብ ያልተገኘም ገቢ ግብር አይከፈልበትም።

ይህን ክፍተት ለመዝጋት መንግሥት ላለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ደረጃ በደረጃ ወደ ዘመናዊ የግብር መረጃ ሥርዓት ሲሸጋገር ቆይቷል። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ፣ የኤሌክትሮኒክ ግብር ማሳወቂያና ክፍያ፣ አሁን ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ የዚሁ ጉዞ ምዕራፎች ናቸው። በዚህ ሂደት የንግዱ ኅብረተሰብ እንዴት እየተላመደ ነው? የተላመደው ከመሣሪያው ጋር ነው ወይስ መሣሪያው ከቆመለት ዓላማ ጋር? የሚሉት ጥያቄዎች የግብር አስተዳደር ባለሙያዎችን ብቻ ሳይሆን በየመሥሪያ ቤቱ የሚገኙ ኃላፊዎችንና ሠራተኞችን ሁሉ የሚመለከቱ ናቸው።

ከካርኒ ወደ መሣሪያ

የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 285/1994 ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ሲውል፣ ቀድሞ የነበረውን የሽያጭ ታክስ በመተካት በ15 በመቶ መጣኔ የሚሰበሰብ አዲስ ታክስ አስተዋውቋል። የዚህ ታክስ መሠረታዊ ባሕርይ በሰንሰለት የተያያዘ መሆኑ ነው። አስመጪው ለአከፋፋዩ፣ አከፋፋዩ ለቸርቻሪው፣ ቸርቻሪውም ለተጠቃሚው ሲሸጥ እያንዳንዱ ሻጭ ታክሱን ከገዢው ይሰበስባል፤ ዕቃውን ሲገዛ የከፈለውን ታክስ ቀንሶም ልዩነቱን ለመንግሥት ያስረክባል። ተቀናሹን ለማስፈቀድ ግን የግዥ ደረሰኝ ማቅረብ ግዴታ ነው። በመሆኑም ደረሰኝ የሰንሰለቱ ቀለበት ነው ማለት ይቻላል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ ሁሉ የሚከናወነው በእጅ በሚቆረጥ ካርኒ ነበር። በካርኒ ላይ የሚታዩት ችግሮች በግብር መሥሪያ ቤቱ ዘንድ የታወቁ ነበሩ። ለገዢው የሚሰጠው ቅጅና በጥራዙ ላይ የሚቀረው ቅጅ የተለያየ የገንዘብ መጠን ሊጻፍባቸው ይችላል፤ አንድ ነጋዴ ሁለት ዓይነት ጥራዝ ሊይዝ ይችላል፤ ኦዲተሩም እያንዳንዱን ቅጠል እያገላበጠ ከመመርመር ሌላ አማራጭ አልነበረውም።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 139/1999 የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ መጠቀምን ግዴታ ያደረገው ይህንኑ ለመለወጥ ነው። ደንቡን ተከትሎ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ መሣሪያው በአዲስ አበባ፣ ቀጥሎም በክልል ከተሞች በሚገኙ የንግድ ተቋማት ደረጃ በደረጃ ተተክሏል። በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 587/2000 የገቢዎች ሚኒስቴር፣ የጉምሩክ ባለሥልጣንና የአገር ውስጥ ገቢ ባለሥልጣን ተዋህደው የኢትዮጵያ ገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን በመቋቋሙ የመሣሪያው ትግበራ በአንድ ተቋም ሥር እንዲመራ ሆኗል። ተቋሙ በ2011 ዓ.ም. እንደገና በገቢዎች ሚኒስቴርና በጉምሩክ ኮሚሽን ተደራጅቷል።

መሣሪያው ከተራ የሒሳብ ማሽን የሚለየው በውስጡ በያዘው የፊስካል ማስታወሻ ነው። በማስታወሻው የሰፈረን የዕለት ሽያጭ ድምር ነጋዴው ሊሰርዘው ወይም ሊለውጠው አይችልም። ነጋዴው በየዕለቱ ሥራውን ሲያጠናቅቅ በተለምዶ «ዜድ ሪፖርት» እየተባለ የሚጠራውን የቀን መዝጊያ ያወጣል፤ የዕለቱ ሽያጭና ታክስም ተጠቃሎ ይመዘገባል። መሣሪያው በስልክ መረብ አማካይነት መረጃውን ወደ ግብር ባለሥልጣኑ ማዕከል እንዲያስተላልፍ ተደርጎ የተዘጋጀ ሲሆን፣ መረቡ በሚቋረጥበት ጊዜ በማስታወሻው ይዞ ያቆየዋል።

ሕጉ ከመሣሪያው ጋር የተያያዙ ዝርዝር ግዴታዎችንም አስቀምጧል። ነጋዴው ዕውቅና ካለው አቅራቢ መግዛት፣ ከአገልግሎት ማዕከል ጋር የጸና ውል መያዝ፣ የምርመራ መዝገቡን በመሣሪያው አጠገብ ማስቀመጥ፣ ብልሽት ሲያጋጥም በሰዓታት ውስጥ ማሳወቅ፣ እንዲሁም ደንበኛው ደረሰኝ ካልተሰጠው እንዳይከፍል የሚያሳስብ ማስታወቂያ በግልጽ ቦታ መለጠፍ ይጠበቅበታል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ደግሞ ደረሰኝ ላልተሰጠበት እያንዳንዱ ግብይት 50 ሺህ ብር አስተዳደራዊ ቅጣት በመደንገግ ግዴታውን አጠናክሮታል።

የነጋዴው ምላሽ

መሣሪያው ሲተዋወቅ ከንግዱ ኅብረተሰብ የቀረቡት ቅሬታዎች በአብዛኛው የወጪና የአሠራር ነበሩ። መሣሪያው በነጋዴው ወጪ የሚገዛ መሆኑ፣ የጥገና ባለሙያ በፍጥነት አለመድረሱ፣ የኤሌክትሪክና የመረብ መቆራረጥ፣ እንዲሁም የገንዘብ ተቀባዮች የሥልጠና ማነስ በተደጋጋሚ ይነሱ ነበር። በጊዜ ሂደት ግን መሣሪያው የሱቁ ዕቃ ሆኗል። በዛሬው ዕለት በከተሞቻችን ምግብ ቤት ገብቶ የታተመ ደረሰኝ መቀበል ለማንም እንግዳ ነገር አይደለም።

በርካታ ድርጅቶችም ከመሣሪያው ያልጠበቁትን ጥቅም አግኝተውበታል። ባለቤቱ በሌለበት የተሸጠውን ዕቃና የገባውን ገንዘብ በዜድ ሪፖርቱ ማመሳከር መቻሉ፣ በገንዘብ ተቀባይና በአስተናጋጅ ላይ የነበረውን ጥርጣሬ ቀንሷል። ሒሳብ በቃል ወይም በማስታወሻ ደብተር ይያዝ በነበረበት ቤት የሒሳብ ባለሙያ መቅጠር የተለመደ ሆኗል። ብድር የሚጠይቅ ነጋዴም ለባንኩ የሚያቀርበው የሽያጭ ማስረጃ አግኝቷል።

በሌላ በኩል መላመድ ሁልጊዜ ወደ ሕጋዊነት የሚወስድ አለመሆኑን በጥናት የተደገፈ ማስረጃ ያሳያል። ተመራማሪዎቹ ጁሊያ ማስካኒ፣ አንዱዓለም መንግሥቱና ፍሬው ወልደየስ በ2021 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት፣ በኢትዮጵያ ግብር ከፋዮች መረጃ ላይ የተመሠረተ ጥናት ሁለት ነገሮችን በአንድነት አመልክቷል። የመጀመሪያው፣ መሣሪያውን የተከሉ ድርጅቶች የሚያሳውቁት ሽያጭም ሆነ የሚከፍሉት ታክስ መጨመሩ ነው። ሁለተኛው፣ እነዚሁ ድርጅቶች ሽያጫቸው ይበልጥ ሲታይ የሚያሳውቁትንም ወጪ አብረው ከፍ ማድረጋቸው ነው። በሌላ አነጋገር መሣሪያው በሽያጭ በኩል ያለውን በር ሲዘጋ፣ ጥቂት የማይባሉ ግብር ከፋዮች በወጪ በኩል ያለውን በር መጠቀም ጀምረዋል። መሣሪያው የሚያየው የሚሸጠውን እንጂ የሚገዛውን ባለመሆኑ ይህ የሚያስገርም አይደለም።

ከዚህ የወጪ በር ጋር የተያያዘው አሳሳቢ ድርጊት የሐሰተኛ ደረሰኝ ንግድ ነው። ዕቃ ሳይሸጥ ደረሰኝ ብቻ የሚሸጥባቸው፣ በአድራሻቸው የማይገኙ ድርጅቶች መኖራቸውን የግብር ባለሥልጣኑ በተለያዩ ጊዜያት ይፋ አድርጓል። እንዲህ ያለው ደረሰኝ በእውነተኛ መሣሪያ የታተመ ሊሆን ስለሚችል ገዢው በዓይኑ አይቶ ሊለየው አይችልም። በሌላ ወገን ደግሞ «ማሽኑ ተበላሽቷል»፣ «መረቡ የለም» በማለት ሽያጭን ከመሣሪያው ውጭ ማካሄድ፣ ከእውነተኛው ዋጋ በታች መመዝገብ፣ እንዲሁም «በደረሰኝ» እና «ያለ ደረሰኝ» የሚል ሁለት ዋጋ መጥራት በገበያው የሚታዩ ልማዶች ናቸው።

ሕጋዊው ነጋዴ የሚገባበት አጣብቂኝ

ይህ ሁኔታ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ሕጉን አክብሮ መሥራት የሚፈልገውን ነጋዴ መሆኑን በአኃዝ ማሳየት ይቻላል። አንድ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ ኩባንያ በ1 ሚሊዮን ብር ዕቃ ገዝቶ በ1 ሚሊዮን 100 ሺህ ብር ሸጠ እንበል። ሁለቱም ዋጋዎች ተጨማሪ እሴት ታክስን አይጨምሩም።

ዕቃውን በደረሰኝ ከገዛ ለአቅራቢው 150 ሺህ ብር ታክስ ይከፍላል፤ ሲሸጥ ከደንበኞቹ 165 ሺህ ብር ይሰበስባል፤ ለመንግሥት የሚያስረክበው ልዩነቱን 15 ሺህ ብር ብቻ ይሆናል። ሌሎች ወጪዎችን ለጊዜው ወደ ጎን ብንተው፣ ትርፉ 100 ሺህ ብር ስለሆነ በ30 በመቶ የንግድ ትርፍ ግብር 30 ሺህ ብር ከፍሎ 70 ሺህ ብር ይቀረዋል።

አቅራቢው ደረሰኝ አልሰጥም ቢለውስ? ያንኑ ዕቃ በ1 ሚሊዮን ብር ይወስዳል። ሽያጩን በታማኝነት በመሣሪያው ከመዘገበ ግን የሚቀናነስለት የግዥ ታክስ ስለሌለው 165 ሺህ ብሩን በሙሉ ያስረክባል። ከዚህ በኋላ በእጁ የሚቀረው 100 ሺህ ብር ነው። የግዥ ወጪው ማስረጃ የለውም ተብሎ ውድቅ ከተደረገበት ደግሞ ግብር የሚታሰብበት በ1 ሚሊዮን 100 ሺህ ብር ላይ ይሆንና 330 ሺህ ብር እንዲከፍል ይጠየቃል። እጁ ላይ ካለው 230 ሺህ ብር ይጎድለዋል ማለት ነው።

በዚህ ስሌት ውስጥ የገባ ነጋዴ ከፊቱ ያሉት መንገዶች ጥቂት ናቸው። ደረሰኝ የሚሰጥ አቅራቢ ፈልጎ ማግኘት፣ ሽያጩን አለመመዝገብ፣ የውሸት የግዥ ደረሰኝ መግዛት፣ ወይም ሥራውን መተው። ቀጪው ሕግ የሚያገኘው በአብዛኛው በሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ፣ መንገድ ዳር በሚታይ ሱቅ የተቀመጠውን ቸርቻሪ ነው። ጥፋቱ የተጀመረው ግን ከላይ፣ ከአስመጪው፣ ከአምራቹ ወይም ከጅምላ አከፋፋዩ ዘንድ ሊሆን ይችላል።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መርካቶ የታየው ሁኔታ ከዚህ አጣብቂኝ ተለይቶ ሊታይ አይገባም። በወቅቱ የከተማዋ ገቢዎች ቢሮ የደረሰኝ ቁጥጥሩን ባጠናከረበት ሰሞን፣ ደረሰኝ ያልቀረበበት ዕቃ ይወረሳል የሚል ወሬ በመሠራጨቱ በርካታ ሱቆች ተዘግተው እንደነበር ይታወሳል። ቢሮው ዕቃ ይወረሳል የተባለው መሠረተ ቢስ መሆኑን ገልጾ፣ ቁጥጥሩ ግብይት በደረሰኝ እንዲካሄድ ለማድረግ የታለመ መሆኑን አስታውቋል። ወሬው ሐሰት ቢሆንም በዚያ ፍጥነት ሊታመን የቻለው ብዙ ነጋዴዎች በሱቃቸው ላለው ዕቃ የግዥ ደረሰኝ ስላልነበራቸው መሆኑን ማስተዋል ይገባል። ከዚህ መወሰድ ያለበት ትምህርት ቁጥጥሩ አስፈላጊ አልነበረም የሚል አይደለም። ቁጥጥር ከሰንሰለቱ ራስ ቢጀምርና ግልጽ መረጃ ቀድሞት ቢሄድ ይበልጥ ፍሬያማ እንደሚሆን የሚያስገነዝብ ነው።

የመዝገብ አለመኖር የሚያስከትለውን ችግር በተመለከተም የ2009 ዓ.ም. ክረምት ተሞክሮ አይዘነጋም። በወቅቱ የሒሳብ መዝገብ በማይዙ አነስተኛ ግብር ከፋዮች ላይ የተካሄደው የቀን ገቢ ግምት በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ሰፊ ቅሬታ አስነስቶ ነበር። መዝገብ በሌለበት ግምት ይነግሣል፤ ግምት በነገሠበት ደግሞ ገማቹም ተገማቹም እርግጠኛ ሊሆኑ አይችሉም። ትክክለኛ የሽያጭ መረጃ የመንግሥትን ገቢ ከማሳደጉ ባሻገር ነጋዴውን ከተጋነነ ግምት የሚጠብቅ ጋሻ መሆኑ እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል።

ከወረፋ ወደ ኮምፒዩተር

የግብር ዘመኑ በሐምሌ ሲጀምር በግብር ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቶች ደጃፍ ይታይ የነበረው ረጅም ሰልፍ ለብዙ ዓመታት የሥርዓቱ መገለጫ ነበር። ወርኃዊ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቂያም በወሩ መጨረሻ ቀናት ተመሳሳይ መጨናነቅ ይፈጥር ነበር። ማሳወቂያው በወረቀት ተሞልቶ ይቀርባል፤ በጽሕፈት ቤቱ የሚገኝ ሠራተኛ ወደ ኮምፒዩተር ያስገባዋል፤ በዚህ መካከል ለሚፈጠር የአኃዝ ስህተት ግብር ከፋዩ ተመላልሶ ማስረዳት ይጠበቅበታል።

የኤሌክትሮኒክ ማሳወቂያና ክፍያ መዘርጋት ይህን ገጽታ በከፍተኛ ደረጃ ለውጧል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክትና ፊርማ ሕጋዊ ዕውቅና በመስጠቱ፣ ቴሌብርም በግንቦት 2013 ዓ.ም. አገልግሎት በመጀመሩና ባንኮች የኤሌክትሮኒክ የክፍያ አማራጮቻቸውን በማስፋታቸው ነጋዴው ከሥራ ቦታው ሳይንቀሳቀስ ማሳወቅና መክፈል የሚችልበት ዕድል ተፈጥሯል።

መላመዱ ግን በሁሉም ዘንድ እኩል አይደለም። የራሳቸው የሒሳብ ክፍልና የመረጃ ባለሙያ ያላቸው ትላልቅ ድርጅቶች አዲሱን አሠራር ከነባር ሶፍትዌራቸው ጋር ለማስተሳሰር አቅም አላቸው። መካከለኛና አነስተኛ ነጋዴዎች ደግሞ ማሳወቂያቸውን በአብዛኛው በክፍያ ለሚሠራላቸው የሒሳብ ባለሙያ ይሰጣሉ። አንድ ባለሙያ የብዙ ደንበኞችን የይለፍ ቃል የሚይዝ ከሆነ፣ ባለቤቱ በስሙ የቀረበውን ማሳወቂያ ሳያየው የሚቀርበት አጋጣሚ ይፈጠራል። በሕግ ፊት ተጠያቂው ግን ግብር ከፋዩ ራሱ ነው። ስለሆነም የይለፍ ቃልን እንደ ማኅተም መጠበቅ፣ የቀረበውን ማሳወቂያ ቅጅ መረከብና ከዜድ ሪፖርት ድምር ጋር ማመሳከር እያንዳንዱ ነጋዴ ሊያዳብረው የሚገባ ልማድ ነው።

አሁን የተጀመረው ምዕራፍ ከዚህም አንድ እርምጃ ወደ ፊት የሚሄድ ነው። የገቢዎች ሚኒስቴር ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ሥርዓትን ወደ ሥራ ለማስገባት እንቅስቃሴ ጀምሯል። በእጅ የሚቆረጡ ደረሰኞችም የሚረጋገጡበት ኪው አር ኮድ እንዲኖራቸው የማድረግ ሥራ ተከናውኗል። የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ዋነኛ ልዩነት ደረሰኙ በሚወጣበት ቅጽበት በግብር ባለሥልጣኑ ማዕከል የሚመዘገብና ልዩ መለያ የሚሰጠው መሆኑ ነው። የሻጩ ሽያጭና የገዢው ግዥ አንድ መዝገብ ስለሚሆኑ፣ ከላይ የተጠቀሰው የወጪ በር የመጠበቅ ዕድል ያገኛል። ገዢው የያዘው ደረሰኝ በሻጩ ስም ያልተመዘገበ ከሆነ ልዩነቱ ኦዲተር እስኪመጣ ሳይጠብቅ ይታያል።

የሕጉ ማዕቀፍም ከዚሁ ጋር እየተስተካከለ ነው። በ2016 ዓ.ም. የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1341/2016 ነባሩን አዋጅ ተክቷል። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ደግሞ የግብር ከፋይ ደረጃዎችን ከሦስት ወደ ሁለት ዝቅ በማድረግ፣ ዓመታዊ ሽያጩ 2 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነውን በደረጃ «ሀ»፣ ከዚያ በታች የሆነውን በደረጃ «ለ» መድቧል። ይህ ለውጥ ቀድሞ በደረጃ «ሐ» በግምት ይስተናገዱ የነበሩ ነጋዴዎችን ከመረጃ ጋር ይበልጥ የሚያቀራርብ በመሆኑ የሥልጠናና የድጋፍ ፍላጎቱን ከፍ ያደርገዋል።

ከጎረቤት አገሮች ምን እንማራለን?

በአካባቢያችን ተመሳሳይ ጉዞ ያደረጉ አገሮች ተሞክሮ ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣል። ኬንያ ከፊስካል መሣሪያ ተነሥታ በ2023 እ.ኤ.አ. በኮምፒዩተርና በተንቀሳቃሽ ስልክ የሚሠራ የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ሥርዓት ዘርግታለች። ከጥር 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በዚህ ደረሰኝ ያልተደገፈ ወጪ ለገቢ ግብር ተቀናሽ እንዳይሆን ደንግጋለች። እርምጃው ገዢዎች ከሻጮቻቸው ደረሰኝ አጥብቀው እንዲጠይቁ ያስገደደ ሲሆን፣ ወዲያው የተነሣው ጥያቄ ግን ሥርዓቱ ውስጥ ካልገባ ገበሬና አነስተኛ ነጋዴ የሚገዛ ድርጅት ምን ያድርግ? የሚል ነበር። ኬንያ በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ባወጣችው ሕግ፣ ዓመታዊ ሽያጩ ከ5 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ከማይበልጥ አነስተኛ ነጋዴ ወይም ገበሬ ለሚገዛ ሰው ደረሰኙን ገዢው ራሱ በሻጩ ስም እንዲያወጣ ፈቅዳለች። እህል፣ ቡና፣ ቆዳና ከብት ከገበሬ ለሚገዙ የአገራችን ድርጅቶች ይህ ዓይነቱ መፍትሔ ሊጠና የሚገባው ነው።

ሩዋንዳ በበኩሏ በ2013 እ.ኤ.አ. የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ መሣሪያን ካስተዋወቀች በኋላ፣ ለነጋዴው የመሣሪያ ወጪን የሚቀንሱ የሶፍትዌር አማራጮችን ጨምራለች። ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ደረሰኝ ጠይቆ የሚቀበል የመጨረሻ ተጠቃሚ በግብይቱ ከከፈለው ተጨማሪ እሴት ታክስ 10 በመቶ ተመላሽ የሚያገኝበትን አሠራር ጀምራለች። ይህ አሠራር ገዢውን የመንግሥት ገቢ ጠባቂ ያደርገዋል። ያለ ደረሰኝ ሲገዛ ከሚያገኘው የዋጋ ቅናሽ ጋር ሲነጻጸር ማበረታቻው አነስተኛ ቢሆንም፣ ደረሰኝ መጠየቅን ከውለታ ወደ መብት ያሸጋግራል።

ከሁለቱም አገሮች የሚወሰደው ትምህርት አንድ ነው። ቴክኖሎጂው የሚሠራው ሻጩ ስለተገደደ ብቻ ሳይሆን ገዢውም ደረሰኙን ለራሱ ጥቅም ሲፈልገው ነው።

የአስፈጻሚው ኃላፊነት

የዲጂታል ሥርዓቱ ስኬት በነጋዴው መላመድ ብቻ የሚለካ አይደለም፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ሠራተኞቻቸውም በዚያው ልክ ሊላመዱ ይገባል። በዚህ ረገድ አምስት ነጥቦችን ማንሣት ይቻላል።

አንደኛው የአገልግሎት ፍጥነት ነው። መሣሪያው ተበላሽቶ ባለሙያ እስኪመጣ የሚጠብቅ፣ የማሳወቂያ ገጹ በመጨረሻው ቀን የተጨናነቀበት፣ ወይም የተሳሳተ አኃዝ ለማስተካከል ቀናት የሚመላለስ ግብር ከፋይ ሕግ አክባሪነቱ እንደ ቅጣት ሆኖ ይሰማዋል። ሥርዓቱ ለነጋዴው በሰዓታት የተወሰነ የማሳወቂያ ግዴታ ካስቀመጠ፣ ለአገልግሎት ሰጪው ወገንም የጊዜ ገደብ ማበጀቱ ፍትሐዊ ነው።

ሁለተኛው የታክስ ተመላሽ ነው። የ1994ቱ አዋጅ ከሽያጭ ታክሱ የበለጠ የግዥ ታክስ የከፈለ ነጋዴ ትርፉን ለአምስት ወራት አሸጋግሮ፣ ቀሪው በጥያቄው መሠረት በሁለት ወራት ውስጥ እንዲመለስለት ይደነግግ ነበር። ተመላሽ ሲዘገይ የነጋዴው የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ይታሰራል። ሽያጭና ግዥ በአንድ መዝገብ በሚገናኙበት አዲሱ አሠራር ግን ጥያቄውን ማጣራት የወረቀት ክምር ማገላበጥ መሆኑ ይቀራል። መረጃው ከነጋዴው በቅጽበት ከተወሰደ፣ ተመላሹም በዚያው መንፈስ መፋጠን ይኖርበታል።

ሦስተኛው የመረጃ ምስጢራዊነት ነው። የእያንዳንዱ ድርጅት ሽያጭ፣ ደንበኛና ዋጋ በማዕከል ሲከማች፣ መረጃው ከተፎካካሪ እጅ እንዳይገባ የማድረግ ኃላፊነት በግብር ሠራተኛው ላይ ይወድቃል። የታክስ አስተዳደር አዋጁ ሠራተኛው የግብር ከፋይን ምስጢር እንዲጠብቅ ግዴታ ጥሎበታል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ይህንኑ ለግለሰቦች መረጃ አጠናክሮታል። ነጋዴው መረጃው እንደሚጠበቅ ካላመነ እውነተኛውን አኃዝ ለመስጠት ያመነታል።

አራተኛው የቁጥጥር አቅጣጫ ነው። የተሰበሰበው መረጃ ሥራ ላይ የሚውለው ሱቅ ለሱቅ የሚደረግ አሰሳን ለመተካት ሊሆን ይገባል። ብዙ ገዝቶ ጥቂት የሚሸጥ፣ ለወራት ዜሮ የሚያሳውቅ፣ ወይም አድራሻ ሳይኖረው በሚሊዮን የሚቆጠር ደረሰኝ የሚያወጣ ድርጅት በመረጃ ትንተና ቀድሞ ሊለይ ይችላል። ቁጥጥሩ ወደዚያ ካመራ መንገድ ዳር ያለው ቸርቻሪ የሰንሰለቱን ሁሉ ጥፋት ብቻውን የሚሸከምበት ሁኔታ ያበቃል።

አምስተኛው ነጥብ እያንዳንዱን የመንግሥት ሠራተኛ በግል የሚመለከት ነው። በመንግሥት ግዥ ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ ክፍያ አይፈጸምም፤ ለመስክ ሥራ የወጣ ባለሙያም ሒሳቡን የሚያወራርደው በደረሰኝ ነው። ለመሥሪያ ቤቱ ሲገዛ ደረሰኝ አጥብቆ የሚጠይቀው ይኸው ሠራተኛ ግን ለቤቱ ቆርቆሮ ወይም ለልጁ ጫማ ሲገዛ፣ «ያለ ደረሰኝ ይቀንስልሃል» ሲባል የሚሰጠው መልስ ምንድን ነው? ቅናሽ ተብሎ የተተወለት 15 በመቶ ከሻጩ ኪስ የወጣ አይደለም። ደመወዙ ከሚከፈልበት ካዝና የተቀነሰ ገንዘብ ነው። ከክፍተቱ ምንጮች አንዱ በሻጩና በገዢው መካከል የሚደረገው ይህ ጸጥ ያለ ስምምነት በመሆኑ፣ የትኛውም መሣሪያ ብቻውን ሊደርስበት አይችልም።

ማጠቃለያ

ከካርኒ ወደ ሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ፣ ከወረፋ ወደ ኤሌክትሮኒክ ማሳወቂያ፣ ከዚያም ወደ ኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ የተደረገው ጉዞ የንግዱ ኅብረተሰብ አዲስ አሠራርን የመቀበል ችሎታ እንዳለው አሳይቷል። ሆኖም ከሁለት አሥርት ዓመታት ተሞክሮ የምንረዳው፣ ነጋዴው የሚላመደው በመሣሪያው ቴክኒክ ልክ ሳይሆን በዙሪያው ባለው የጥቅምና የፍትሕ ሚዛን ልክ መሆኑን ነው። ደረሰኝ ቆርጦ የሚሸጠው ደረሰኝ ከማይቆርጠው ጎረቤቱ ጋር ሲወዳደር የሚከስር ከሆነ፣ የተራቀቀ ሶፍትዌርም የሚመዘግበው የገበያውን ከፊል ገጽታ ብቻ ይሆናል።

በመሆኑም የሚመለከታቸው አካላት ቁጥጥሩን ከሰንሰለቱ ራስ እንዲጀምሩ፣ ለአነስተኛ ነጋዴዎች ሥልጠናና ዝቅተኛ ወጪ ያላቸው አማራጮችን እንዲያቀርቡ፣ ተመላሽንና የቅሬታ ምላሽን እንዲያፋጥኑ ይጠበቃል። የንግዱ ኅብረተሰብ ደግሞ መዝገብ መያዝን ከቅጣት ማምለጫነት ባሻገር ከግምት የሚጠብቀው ዋስትና አድርጎ ሊያየው ይገባል። ገዢውም፣ በተለይም ደመወዙ ከዚሁ ገቢ የሚከፈለው የመንግሥት ሠራተኛ፣ ደረሰኝ ሳይቀበል ከሱቅ ባለመውጣት የድርሻውን መወጣት ይኖርበታል።